መልቀቅ የሚከብደው ደም፦ ከጮቄ ሥር የአንድ ፈተና ጥያቄ ጥናት

በኅዳር አጋማሽ፣ ጮቄ ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጥቶ በሚታይበት ሰሞን፣ ለተማሪዎቼ አንዲት የፈተና ጥያቄ አወጣሁ። የማስተምረው ሥነ ሕይወት ነው። ትምህርት ቤታችን ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ጮቄን በተደገፈች ትንሽ የጎጃም ከተማ ውስጥ ይገኛል። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ከላይኛው አገር በእግራቸው እየወረዱ ይማራሉ። ስለ ብርድ እኔ ልነግራቸው የምችለው ጥቂት ነው፤ እነርሱ ያድሩበታል።

ጥያቄዋ እንዲህ ትል ነበር፦ «በጮቄ አናት፣ ውርጭ ላይ ቆሞ የሚግጥ ከብት እግሩ እጅግ ይቀዘቅዛል። ይህ ቅዝቃዜ ደሙ ለእግሩ ኦክስጅን በማቀበል ሥራው ላይ ምን ችግር ይፈጥርበታል?» አምስት ነጥብ መደብሁላት። የጠበቅሁት መልስ፣ ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በቀዘቀዘ ቁጥር ኦክስጅኑን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሕዋሳቱ መልቀቅ ያቅተዋል የሚል ነበር። በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ በሰሌዳ ላይም ሥዕሉን ሥያለሁ።

ወረቀቱን ሳርም ያገኘሁት ሌላ ነው። ከክፍሉ አብዛኛው «ጮቄ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ደሙ በቂ ኦክስጅን አያገኝም» ብሎ ጽፏል። ከላይኛው አገር የምትመጣ አንዲት ልጅ ግን ከሁሉም የተለየ መልስ ሰጥታ ነበር። «ችግር አይፈጥርበትም። የእኛ በሬዎች ጠዋት ውርጭ ላይ ሲግጡ ያረፍዳሉ፤ ከዚያም ተጠምደው ያርሳሉ። እግራቸው ሲደነዝዝ አይቼ አላውቅም» ትላለች። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠኋት። ከጎኑም «የተማርሽውን ጻፊ» ብዬ ጨመርሁበት።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ዜሮ ታሪክ ነው። ዜሮውን ለማስረዳት ስነሳ የሄድሁበት መንገድ ሳይቤሪያ ድረስ ወስዶ ወደ ልጅቱ አባት በረት መለሰኝ።

በመጀመሪያ የብዙዎቹን መልስ ላንሣ፤ ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪያቸውም ነውና። ከፍታንና ብርድን በአንድ ትንፋሽ ስለምንጠራቸው አንድ ችግር ይመስሉናል። ደጋ ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው፤ ውርጭ ስንል ደግሞ ብርዱንም፣ ብርዱ ያለበትንም አገር። ለደም ግን ሁለቱ ተቃራኒ ፈተናዎች ናቸው። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ የመያዝ ችግር ነው፤ ችግሩም የሚፈጠረው ሳንባ ላይ ነው። ብርድ የሚፈጥረው ችግር ግን ከሳንባ ርቆ እግር፣ ጆሮና አፍንጫ ላይ የሚገኝ የመልቀቅ ችግር ነው። የመጀመሪያው ገበያ ላይ እህል የማጣት ያህል ነው፤ ሁለተኛው እህሉን ገዝቶ ቤት ከደረሱ በኋላ ጭነቱን ማውረድ አለመቻል ነው።

ስለ መያዝ ችግር የእኛው አገር ሰዎች በዓለም ሳይንስ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። የሄሞግሎቢናቸው መጠን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ደማቸው ከኦክስጅን የያዘው ደግሞ መያዝ ከሚችለው 95.3 በመቶ ነው። ሁለቱም ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የራቁ አይደሉም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በሄሞግሎቢን አወፍረው ይኖራሉ፤ የቲቤት ሰዎች ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠን ተሸክመው ይኖራሉ፤ የእኛዎቹ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አላቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ዝም አለ፤ ስለ ራሳቸው ዘመዶች መሆኑን ተረድተዋል። ይህ ሁሉ ግን የእኔን ጥያቄ አይመልስም። ጥያቄዬ ስለ ብርድ ነበር።

ብርድ ደም ላይ የሚያደርሰው ምንድን ነው? ኦክስጅን ከሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ሙቀት ይወጣል። ሲላቀቅ ያንኑ ሙቀት መልሶ ይፈልጋል። ሳንባ ሁልጊዜ ሙቅ ነው፤ የቀዘቀዘ እግር ግን የሚሰጠው ሙቀት የለውም። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሄሞግሎቢኑ ጋር እንደተጣበቀ ይመለሳል። ለተማሪዎቼ ያቀረብሁት ምሳሌ የአህያ ጭነት ነው። ነጋዴው ገበያ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ጭነቱን በጠፍር ይጠፍራል። ማታ ወደ ጮቄ ሲወጣ ጠፍሩ በብርድ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ጣቶቹም ይደነዝዛሉ። ጭነቱ ከነሙሉ ክብደቱ እደጁ ደርሷል፤ ቋጠሮው ግን አይፈታም። በዚያ ቤት የሚራብ ሰው ቢኖር የተራበው እህል ጠፍቶ አይደለም።

በቁጥር ሲታይ የሰው ደም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግማሽ ጭነቱን የሚያራግፈው የኦክስጅኑ ግፊት ወደ 27 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ነው። ያው ደም 20 ዲግሪ ላይ ግማሹን ለማራገፍ ግፊቱ ወደ 10 ገደማ እስኪወርድ ይጠብቃል። ሕዋሳቱ ኦክስጅን አጥተው እጅግ ሳይጨነቁ ቋጠሮው አይላላም ማለት ነው። የቀዘቀዘ ሥጋ የሚፈልገው ኦክስጅን ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ችግሩን ያቀልለዋል። ነገር ግን የሚራመድ፣ የሚሮጥ፣ በረዶ የሚጭር እግር ትንሽ ብቻ ተሰጥቶት አይኖርም።

«እንግዲያው እግሩን ማሞቅ ነዋ!» አለ አንድ ተማሪ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። እግርን እንደ ሆድ ያሞቀ እንስሳ ሙቀቱን በሙሉ ለበረዶው ሲገብር ያድራል። በዋልታ አካባቢ የሚኖሩ እንስሳት ከዚህ ይልቅ እግራቸው እንዲቀዘቅዝ ይተዉታል። ወደ እግር የሚወርደው ሙቅ ደምና ከእግር የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ ወራጁ ሙቀቱን ለሚመለሰው እያስረከበ ይወርዳል። በዚህም መንገድ የእንስሳው ሰውነት 38 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳለ የእግሩ ጫፍ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ሙቀት ይቆጠባል። የተቆጠበው ሙቀት ግን ደሙን የበለጠ ያስቸግረዋል፤ ጭነቱን በዚያ ብርድ ውስጥ ማውረድ አለበትና። ሙቀት መቆጠብንና ጭነት ማውረድን ያጣመረ እንስሳ ደሙን መቀየር ይኖርበታል።

ደሙን እንዴት እንደቀየረ ከሁሉ በተሻለ ያሳየን ዛሬ በምድር ላይ የሌለ እንስሳ ነው፤ ባለ ፀጉሩ ማሞዝ።

ማሞዝ ከእስያ ዝሆን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የእስያው ዝሆን ከአፍሪካው ይልቅ ለማሞዝ ይቀርባል። የዘር ሐረጉ የተነሣው ግን ከአፍሪካ፣ ከሙቅ አገር ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በዘመናትም ጆሮው አጠረ፣ ፀጉሩ ረዘመ፣ ከቆዳው በታች ስብ ተደላደለ። ይህን ሁሉ ከበረዶ ውስጥ ከወጣው ሬሳ በዓይን ማየት ይቻላል። ደምን ግን ማን ያያል? ሥራውን ካቆመ ብዙ ሺህ ዓመታት ያለፉትን ደም ሙቀት ሲነካው እንዴት እንደሚለቅ ማን ሊለካ ይችላል?

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ኬቨን ካምቤል፣ በአውስትራሊያ በወቅቱ የአደሌድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት አላን ኩፐር፣ በዴንማርክ የኦርሁሱ ሮይ ዌበርና ባልደረቦቻቸው ይህን ለኩት። ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ከሚኖረው የሳይቤሪያ መሬት ከወጣ፣ 43,000 ዓመት ዕድሜ ካለው የማሞዝ ቅሪት ለሄሞግሎቢን መመሪያ የሚሰጠውን ዘረመል ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ሰበሰቡ። ከዝሆን ዘረመል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ከዚያም የእስያ ዝሆንን ዘረመል ወስደው፣ ማሞዙ በሚለይባቸው ስፍራዎች ላይ ብቻ ቀየሩትና በባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያው የታዘዘውን ሠራ፤ የማሞዝን ሄሞግሎቢን። ለብዙ ሺህ ዓመታት ያልተሠራ ነገር በብልቃጥ ውስጥ ተሠርቶ፣ ኦክስጅን ይዞ፣ ኦክስጅን ለቀቀ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ለተማሪዎቼም ስነግራቸው ድምፄ ከፍ እንደሚል አውቀዋለሁ።

ያገኙት ልዩነት ትንሽ ነው። ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ። የቤታው ዓይነት ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች) አሉት። ማሞዙ በዚህ ሰንሰለት ላይ ከእስያ ዝሆን የሚለየው በሦስት ብቻ ነው፤ በ12ኛው፣ በ86ኛውና በ101ኛው ስፍራ። በአልፋው ላይ አንድ ተጨማሪ ለውጥ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው 101ኛው ነው። በዚያ ስፍራ የነበረው ግሉታሚክ አሲድ የተባለው አሚኖ አሲድ ግሉታሚን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክቷል።

ይህ ትንሽ ለውጥ እንዴት ቋጠሮውን ሊፈታ ቻለ? ሄሞግሎቢን ብቻውን አይሠራም። ኦክስጅን ሲወርድለት በቦታው ሌሎች ይሳፈራሉ፤ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን ቅንጣት)፣ ክሎራይድ (በጨው ውስጥም ያለ ቅንጣት)፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው የፎስፌት ውሁድም። እነዚህ ሲሳፈሩ ሙቀት ይሰጣሉ። ኦክስጅኑ ለመውረድ የሚጠይቀውን ሙቀት ተሳፋሪዎቹ ይከፍሉለታል ማለት ነው። በሰውም፣ በዝሆንም ደም ይህ አለ፤ ግን ክፍያው በከፊል ነው። ግሉታሚክ አሲድ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እንደ እርሱ አሉታዊ የሆኑትን ክሎራይድንና ፎስፌትን ይገፋል፤ ግሉታሚን ሙል ስለሌለው አይገፋቸውም። ስለዚህ በማሞዙ ሄሞግሎቢን ላይ ተሳፋሪው በዛ፤ የሚሰጠው ሙቀትም በዛ። በዚህም ምክንያት እግሩ ቢቀዘቅዝም ጭነቱ ይወርዳል። ጠፍሩ አሁንም ያው ጠፍር ነው፤ ነገር ግን የሚፈታው እጅ የሚሞቅበት ፍም ከጎኑ ተቀምጦለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ101ኛው ስፍራ ላይ ያለው ያው ለውጥ በሰው ላይም ተገኝቷል፤ ሐኪሞች ሄሞግሎቢን ራሽ ይሉታል። በሰው ላይ ግን እንደ ስጦታ አይቆጠርም። ሄሞግሎቢኑን ያላላዋል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም ያለ ጊዜያቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። አንድ ፊደል በአንዱ ቃል ውስጥ ትርጉም የሚያቀና፣ በሌላው ውስጥ የሚያጣምም እንደሆነ ሁሉ፣ አንድ አሚኖ አሲድም የሚመዘነው ካለበት ሰንሰለት ጋር ነው። ተማሪዎቼ «ታዲያ እኛም የማሞዙን ዘረመል ብናስገባ?» ብለው እንዳይቸኩሉ ይህን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ማሞዝ ብቻውን አይደለም። በዋልታ አካባቢ የሚኖረው ሬንዲር የተባለው የአጋዘን ዓይነት ሄሞግሎቢኑ ለሙቀት መለዋወጥ እምብዛም ግድ የለውም። የዝሆን ሩቅ ዘመድ የሆነችው፣ በባሕር ትኖር የነበረችው ግዙፍ አጥቢ እንስሳ፣ የስቴለር የባሕር ላምም አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1741 በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ተገኝታ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአዳኞች እጅ ያለቀች። የእርሷ ሄሞግሎቢን በተመሳሳይ መንገድ እንደገና ተሠርቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። እርሷም ብርድን የሚቋቋም ደም ነበራት። መንገዷ ግን የተለየ ነው፤ 82ኛው ስፍራ ላይ ባለ ለውጥ ምክንያት ደሟ ለዚያ የፎስፌት ውሁድ ምላሽ መስጠቱን ጭራሽ ትቷል። ማሞዙ ተሳፋሪ አብዝቶ የደረሰበት ቦታ እርሷ በዋናነት ሄሞግሎቢኗ ራሱ ለሙቀት መለዋወጥ ግድ ስላነሰው ደረሰች።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ነው የልጅቱ ዜሮ ያሳሰበኝ። ምክንያቱም ከማሞዙ ጋር በአንድ መስመር ላይ የተጻፈ ሌላ እንስሳ አገኘሁ፤ የቤት ከብት። ካምቤልና ዌበር እ.ኤ.አ. በ2014 ከሌላ ተመራማሪ ጋር ባሳተሙት ሥራ የከብት ሄሞግሎቢን ለሙቀት መቀነስ ያለው ስሜት ከሰው ያነሰ መሆኑን፣ ከዚህም ጀርባ ክሎራይድና ፕሮቶን መኖራቸውን አሳይተዋል። በሬ በቀይ የደም ሕዋሱ ውስጥ ያ የፎስፌት ውሁድ እጅግ ትንሽ ነው ያለው፤ ሥራውን የሚሠራለት ክሎራይድ ነው። ልጅቱ ይህን አላነበበችም። በሬውን አይታ ነው የጻፈችው። እኔ ደግሞ ስለ ከብት በጠየቅሁት ጥያቄ ላይ የሰውን ደም መልስ ጠብቄ ዜሮ ሰጠኋት።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ ልጅቱ ቤት ወጣሁ። አባቷ ከአጥሩ ደጃፍ ተቀበሉኝ። ጋቢያቸውን አጣፍተው «መምህር፣ ልጅቱ አጠፋች እንዴ?» አሉኝ፤ መምህር እሑድ ቀን ቤት ድረስ ከመጣ ደግ ነገር አይጠበቅምና። «የለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። ጥቂት አስበው «በሬ ሲቆም እግሩ ይበርዳል፤ ቢበርድም አያነክስም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል እንዴ?» አሉ። እውነት ነው፤ አያስፈልግም። ለምን እንደማያነክስ ለማወቅ ግን ያስፈልጋል አልሁ፤ በዚህ ተስማማን።

በማግስቱ ማለዳ ውርጩ ሳይነሣ ልጅቱና እኔ ከሁለቱ በሬዎች አጠገብ ቆመን በእጃችን መረመርናቸው። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጉልበት ላይ ለዘብ ይላል። ከጭኑ ውስጠኛ ክፍል እጅ ሲገባ ደግሞ ያሞቃል። አንድ እንስሳ ከጭኑ እስከ ሰኮናው ድረስ ደጋውንም ቆላውንም ይዞ ይቆማል። ልጅቱ እጇን ከላይ ወደ ታች ደጋግማ አወረደችው፤ ከዚያም ፈተናው ላይ ያልጻፈችውን ተናገረች። «እግሩ ቀዝቅዟል፤ ደሙ ግን አልተቸገረም። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም» አለች።

ውጤቷን ወደ ሦስት ከፍ አደረግሁት። ትክክለኛ መልስ ይዛለች፤ ምክንያቱን ግን አልጻፈችም፤ ለምክንያቱ የተመደበውን ሁለት ነጥብ ልሰጣት አልቻልሁም፤ እርሷም አልጠየቀችኝም። ከፍታንና ብርድን ያደባለቁት ተማሪዎች ጥያቄውን እንደገና እንዲሠሩ አደረግሁ። ክፍሉን በሙሉ ሰብስቤም ስሕተቴን ተናገርሁ፤ ማሞዙንም በሰሌዳ ላይ ሣልሁላቸው፤ ከአስተማሪነት ዘመኔ በጣም የተደመጥሁበት ሰዓት ያ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከእርሷ ነው። «መምህር፣ የቆላው በሬስ?» አለች። ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። ከጮቄ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ የሚደርስ ሰው ሁሉ ያንኑ በሬ በሙቀት ውስጥ ሲያርስ ያገኘዋል። ዘሩ አንድ ነው፤ ሄሞግሎቢኑም ያው ነው። እንዲህ ከሆነ የከብት ደም ይህን ጠባይ ያገኘው ለብርድ ብቻ ነው ማለት አንችልም። ማሞዙ ላይ ለውጡ ከሙቅ አገር ዘመዶቹ ስለሚለየው ከብርዱ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ በሬው ላይ ግን ሙቅ አገር ያለውም ወንድሙ ይህንኑ ይዟል። እኔ የማምነው፣ ከብት ይህን ከሩቅ ቅድመ አያቶቹ የወረሰውና ጮቄ ላይ ሲወጣ ያገለገለው ነው የሚለውን ነው። ይህን ስነግራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ማድረጓን አይቻለሁ።

ለዘንድሮው ፈተና ጥያቄውን ለውጬዋለሁ፦ «አንድ የጮቄ በሬ፣ አንድ የዓባይ በረሃ በሬና አንድ ማሞዝ እግራቸው ቢቀዘቅዝ፣ የሦስቱም ደም ኦክስጅኑን ይለቃል። ከሦስቱ መካከል ይህን ጠባይ ብርድ አመጣው ለማለት በቂ ማስረጃ ያለን ለየትኛው ነው? ለምን?» አሥር ነጥብ መደብሁላት።